የሳጥኗ ርስትና ጉልት

በየዳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት ስልክ ደውሎ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። ሰላምታችን እንደ አገራችን ወግ ረዥም ነበር። የከብቱን፣ የገብሱን፣ የእናቴን ደህንነት ከተጠያየቅን በኋላ፥ «ጋሼ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር የጣላት ራውተር አግኝቻለሁ። ትምህርት ቤታችን ግን ኢንተርኔት የለውም። ያለ ኢንተርኔት ልትሠራ ትችላለች ወይ?» አለኝ።

መልሱን ወዲያው ባውቀው ደስ ባለኝ ነበር። የማውቀው ግን ራውተር ማለት ከግድግዳ ከሚመጣው መስመር ኢንተርኔት ተቀብላ ለቤቱ ሰው በአየር የምታከፋፍል፣ መብራቶቿ ብልጭ ድርግም የሚሉ ሳጥን መሆኗን ብቻ ነበር። «እስቲ ላካትና እንያት» አልሁት። ሳጥኗ በመንገደኛ እጅ ደባርቅ ወረደች፤ ከደባርቅ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች። ጥያቄውን ለመመለስ ስል ወደ ሆዷ ስገባ ያገኘሁት እኛ የጎንደር ልጆች ከማንም በላይ የምናውቀውን አንድ የቆየ ሙግት ነው፤ የርስትና የጉልትን ሙግት።

ለከተማው አንባቢ በየዳን በአጭሩ ላስተዋውቅ። ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትጓዙ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ዋናው መንገድ ከዚያ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆረጡት መንገድ ነው። ወደ በየዳ የሚሄደው ግን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የሰሜንን ተራሮች ይወጣል፤ በቧሂት አፋፍ አልፎ፣ ጃናሞራን አቋርጦ ድል ይብዛ ይገባል። ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ቁልቁል የሚያየው አገር ነው። በልጅነቴ ወሬ ወደዚያ የሚደርሰው በእግር ነበር። ደባርቅ ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ጨውና ሳሙናውን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ደብዳቤውንም፣ መርዶውንም፣ ሹም ሽሩንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ስለ መገናኛ መሣሪያ ስጽፍ ስለ ቅንጦት የምጽፍ እንዳይመስላችሁ።

ሁለት መብት በአንድ መሬት

ርስት ምን ነበር? በጎንደርና በጎጃም እንደኖረው ሥርዐት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት አቅኚ ይባላል። ከእርሱ የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ይምጣ በእናቱ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ዘሩን ቆጥሮ ድርሻውን የመጠየቅ መብት ነበረው። ርስተኛው መሬቱን ያርሰዋል፤ ለልጁም ያወርሰዋል። ነገር ግን ከዘሩ አውጥቶ ለባዕድ ሊሸጠው አይችልም ነበር፤ መብቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን ገና ያልተወለዱትም ነውና።

ጉልት ደግሞ ሌላ ነው። ንጉሥ ለመኳንንትና ለአድባራት የሚሰጠው፣ የመግዛት፣ የመዳኘትና ግብር የመቀበል መብት ነው። አንድ ማሳ በአንድ ጊዜ የገበሬው ርስትም የባለ ጉልቱ ጉልትም ይሆን ነበር። ገበሬው «መሬቱ የእኔ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ባለ ጉልቱም «አዛዡ እኔ ነኝ» ቢል እውነቱን ነው። የአገራችን የገጠር ታሪክ ብዙው ክፍል በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል የተካሄደ ግፊያ ነው። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በሕግ ቀረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ደግሞ ርስቱንም ጨርሶ ሥርዐቱን ዘጋው። ሥርዐቱ ቢዘጋም ጥያቄው ግን አልተዘጋም፤ አንድን ነገር «የእኔ ነው» ለማለት መያዝ ይበቃል ወይስ ማዘዝም ያስፈልጋል?

ወደ ሳጥኗ ልመለስ። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ፕሮሰሰር አላት፤ ራም አላት፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የማይረሳ ፍላሽ የሚባል ማኅደርም አላት። በዚያ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ሳጥኗ ስትበራ የሚነሣው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ማን እንዲገባ፣ ማን እንዲወጣ፣ የማን ጥያቄ ቀድሞ እንዲያልፍ፣ የትኛው በር ተዘግቶ እንዲቆይ የሚወስነው እርሱ ነው። ሳጥኗን ገንዘብ ከፍለን ገዝተናታል፤ ፕላስቲኩም ሽቦውም የእኛ ነው። ፈርምዌሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንበብም መለወጥም አንችልም። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ቲአር-069 የሚባል የአሠራር ደንብ አለ። አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች በደንበኛው ቤት ያለችውን ሳጥን ከሩቅ ሆነው እንዲያስተካክሉ፣ ፈርምዌሯንም እንዲቀይሩ የሚያስችል ደንብ ነው። ለጥገና የታሰበና በብዙ አገር የሚሠራበት ስለሆነ ጥቅሙን አልክድም። ይሁንና ባለ ጉልቱ ከሩቅ ሆኖ በሳሎናችን የሚያዝበት በር መሆኑ ደግሞ አይካድም።

ሙግቱ እንዴት ተጀመረ

ሊንክሲስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለች፣ ሁለት አንቴና ያላት ሰማያዊና ጥቁር ሳጥን ለገበያ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ 4 ሜጋባይት ፍላሽና 16 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበራቸው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ በዚያ ፍላሽ ውስጥ ላይገባ ይችላል። በተከታዩ ዓመት መጋቢት ግዙፉ ሲስኮ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ አንድሩ ሚክላስ የተባለ ሰው ለሊኑክስ ሠሪዎች በጻፈው መልእክት፣ በዚህች ሳጥን ፈርምዌር ውስጥ ሊኑክስ መኖሩን አስታወቀ። ኩባንያው ግን ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ሰው አንብቦ የሚረዳውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ አላወጣም ነበር። ታዲያ ይህ ለምን ነገር ሆነ? ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ጂፒኤል በተባለ የፈቃድ ውል ሥር የሚሰጥ ስለሆነ ነው። ይህን ውል ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ ሲያወጣው ሐሳቡ በአጭሩ የሚከተለው ነበር፦ ፕሮግራሙን ውሰድ፤ ተጠቀምበት፤ ለውጠው፤ ብትፈልግም ሽጠው፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ምንጭ ኮዱንና አንተ ያገኘኸውን ይህንኑ መብት ጨምረህ ስጥ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ርስት አይደለምን? አቅኚው መብቱን ለልጅ ልጅ አስሮ ትቶታል። በመካከል ያለው ሰው ሊጠቀምበት እንጂ ከተከታዩ ሊነጥቀው አይችልም። እንዲያውም ከመሬቱ ርስት የሚበልጥበት ነገር አለ። መሬት ተወራሽ ሲበዛ ይጠባል፤ ወንድም ከወንድሙ በድንበር ይካሰሳል፤ ደም ይፋሰሳል። ኮድ ግን ሺህ ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ ሙሉው ይደርሰዋል።

የሊንክሲስ ነገር ደግሞ በትክክል የዘር ቆጠራ ሙግት ሆነ። የሳጥኗን ቺፕ የሠራው ብሮድኮም ነው፤ ፈርምዌሩን ያሰናዳው ሳይበርታን የሚባል የታይዋን ኩባንያ ነው፤ ሊንክሲስ ስሙን ለጥፎ ሸጠ፤ ሲስኮ ሊንክሲስን ገዛ። ሲስኮ ቤቱን ሲገዛ ከመሠረቱ ሥር የሌላ ሰው ርስት እንዳለ ያስተዋለ አይመስልም። ጩኸቱ ሲበረታ በዚያው ዓመት ምንጭ ኮዱ ወጣ። በጥር 2004 እ.ኤ.አ. ከዚያ ኮድ ተነሥተው ጥቂት ፈቃደኞች ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነጻ ፈርምዌር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ሃራልድ ቬልቴ የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር ሳይትኮም በተባለ ሌላ የራውተር ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የሙኒክ ፍርድ ቤት ጂፒኤል የሚጸና ውል መሆኑን ተቀብሎ እግድ ሰጠ። ሲስኮም ቢሆን በሌሎች ምርቶቹ ምክንያት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተከሰሰ፤ ጉዳዩ በተከታዩ ዓመት ግንቦት በስምምነት አለቀ።

ባለ ጉልቱ ግን ርስት ጠያቂ ሲመጣበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው አምስተኛዋ የደብሊውአርቲ54ጂ ዓይነት ፍላሿም ራሟም በግማሽ ተቀንሶ፣ ሊኑክስም ወጥቶ በምትኩ ዝግ የሆነ ሌላ ሥርዐት ገባባት። ወጪ ለመቀነስ ነው ተባለ፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን የሚፈልጋት ሰው ብዙ ስለነበረ ኩባንያው አሮጌውን ዓይነት ከሊኑክሱ ጋር በሌላ ስም እንደገና ለመሸጥ ተገደደ። ቆይቶም የአሜሪካ የመገናኛ ባለሥልጣን ራውተሮች የሬድዮ ሞገዳቸው ከተፈቀደው በላይ እንዳይሆንና የአየር ጠባይ ራዳሮችን እንዳይረብሽ ሲል ደንብ አጠበቀ። ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር። ኩባንያዎች ግን ሞገዱን ብቻ በመቆለፍ ፈንታ ሳጥኑን በሙሉ መቆለፍ ጀመሩ። ቲፒ-ሊንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባለሥልጣኑ ጋር ሲስማማ 200 ሺህ ዶላር ከፈለ፤ በዚያው ስምምነት ደግሞ ከነጻ ፈርምዌር ሠሪዎች ጋር ለመተባበር ቃል ገባ። ሕግ ጎጂውን ሥራ ከጠቃሚው ለይቶ መከልከል እንደሚችል ይህ አንድ ምስክር ነው።

እኔና ሳጥኗ

ከበየዳ የመጣችው ሳጥን ሠሪዋ ከተዋት ዓመታት አልፈዋል፤ አዲስ ፈርምዌር አይወጣላትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በ54 አገሮች ከ500 ሺህ የማያንሱ መሣሪያዎችን ይዞ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹም የቤትና የትንሽ ቢሮ ራውተሮች ነበሩ። ጠባቂ የሌለው በር ሌባ ያለምዳል። ደግነቱ ኦፕን ደብሊውአርቲ ይህችን ዓይነት ሳጥን ያውቃታል። የዩኤስቢ ቀዳዳም አላት።

ፈርምዌር መሥራት በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ሥራው የሚሠራው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሳጥኗ ራሷን ለመገንባት ዐቅም የላትም። በመጀመሪያ ለእርሷ ፕሮሰሰር የሚስማማ ተርጓሚ መሣሪያ ይሠራል። ከዚያ የሊኑክሱ እምብርት፣ ከዚያ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች እየተተረጎሙ በአንድ ፋይል ይጠቀለላሉ። ከመጀመሩ በፊት ረዥም ዝርዝር ይቀርብላችኋል፤ ይህ ይግባ ወይስ ይቅር? ያ ዝርዝር ስለ ራሴ ብዙ አስተማረኝ። ሁሉን ነገር አስገባሁ፤ ፋይሉ ከሳጥኗ ማኅደር በልጦ ቀረ። ስምንት ሜጋባይት ብቻ ሲሰጣችሁ ምን ታስቀራላችሁ፣ ምንስ ትይዛላችሁ? በጀት ማውጣት ማለት ይህ ነው፤ አገርም የሚፈተነው እንዲህ ባለ ዝርዝር ፊት ነው። ሥራው በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ፈጀ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ባትሪው የደከመ ስለነበረ ሁለት ጊዜ ከመንገድ አነሣሁት።

በመጨረሻ ፋይሉ ተሠራ። ጫንሁት። ሳጥኗ ሞተች።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የመለያ ቁጥሯን ሳላጣራ ለእኅቷ የተሠራውን ፈርምዌር አጎረስኋት። ባለሙያዎች እንዲህ ያለችውን ሳጥን «ጡብ ሆነች» ይሏታል፤ በእውነትም ከጡብ በቀር የምትረባበት ሥራ አይታይም። የአክስቴን ልጅ ምን ብዬ እጋፈጠዋለሁ እያልሁ ሁለት ቀን አዘንሁ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ጠግኖ ወደሚተዳደር አንድ ወጣት ዘንድ ወሰድኋት። ከፈታት በኋላ በሰሌዳዋ ላይ አራት ጥቃቅን ነጥቦች አሳየኝ። ሠሪዎቿ ለራሳቸው ሥራ የተዉት የጓዳ በር ነው። ሽቦ በየዳቸው፤ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘን። ያ የሞተ መስሎን የነበረ ሳጥን በጥቁሩ መስኮት ላይ መስመር በመስመር መናገር ጀመረ። የመነሻው ፕሮግራም አልተነካም ነበርና ትክክለኛውን ፋይል በኬብል አቀበልነው። ተነሣች። ወጣቱ ለሥራው የጠየቀኝ ዋጋ አሳፈረኝ፤ ጨምሬ ሰጠሁት።

ቀጥቃጩና አዋጁ

ከዚያ ወጣት ጋር ተቀምጬ ሳለ የሰሜን ቀጥቃጮች ትዝ አሉኝ። በሰሜን ተራሮች ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ከነገሥታቱ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ተሸንፈው ርስት ሲነፈጉ በብረት፣ በሸክላና በሽመና ሥራ ኖሩ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር። ርስትን ከፍ አድርጌ ስናገር ይህን ማለፍ አልችልም። የርስት ሥርዐታችን ዘር ለቆጠረ ሁሉ የተከፈተ ቢሆንም፣ ብረትን ከፍቶ ለሚያውቅ እጅ የተዘጋ ነበር። ዐጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከእነዚያ የሰሜን ቀጥቃጮች አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ። ንቀታችን ግን አብሯቸው የሄደ አይመስለኝም።

በ2004 ዓ.ም. የወጣውን የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761ን ያነበበ ሰው የምለውን ይረዳኛል። አዋጁ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የሠራን፣ የገጣጠመን፣ ያስገባን ወይም ለሽያጭ ያቀረበን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚቀጣ ነበር። ዓለም አቀፍ ጥሪን አጭበርብሮ የሚያሳልፍ ነጋዴ እንደነበረ አልክድም፤ መንግሥት ገቢው ሲሰረቅ መቆጣቱም ያለ ነው። ግን ሳጥን ፈትቶ ፈርምዌር መለወጥ «መገጣጠም» ነው ወይስ አይደለም? ይህ ጥያቄ ለአንድ የኮምፒውተር ተማሪ በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። መልሱን ለመሞከር የአሥር ዓመት እስራት መያዣ ማን ያስይዛል? በዚያው ሰሞን በስካይፕ መነጋገርም ሊያስቀጣ ነው የሚል ስጋት በዓለም ሁሉ ተሰምቶ፣ ባለሥልጣናት «ተራ ተጠቃሚን አይመለከትም» ብለው ማስተባበል ግድ ሆኖባቸው ነበር። እንግዲህ በበርሊን በዚያ ዘመን ወጣቶች በአሮጌ ራውተሮች ላይ ነጻ ፈርምዌር እየጫኑ ከሰገነት ሰገነት ፍራይፉንክ የተባለውን የሠፈር መረብ ሲዘረጉ፣ በካታሎንያም ገበሬዎችና ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጊፊ የተባለውን የራሳቸውን መረብ ሲያስፋፉ፣ የእኛ ልጅ የሚያስበው ስለ ዐቃቤ ሕግ ነበር።

መስመሩ የማን ነው?

ነገሩ ከ2004 ዓ.ም. የጀመረ አይደለም። በአገራችን የመገናኛ መስመር ከመነሻው ጉልት ነው። በዐጼ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በጊዜው ድንቅ ሥራ ነው፤ የዘመናዊት ኢትዮጵያ አንዱ ምሰሶ ነው። ሆኖም የተዘረጋው ቤተ መንግሥቱ ከጠቅላይ ግዛት ገዢዎቹ ጋር እንዲነጋገርበት እንጂ ገበሬው ከገበሬው ጋር እንዲጨዋወትበት አልነበረም። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ስሙም ተለዋወጠ፤ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ገባ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርጅቱ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሁለተኛ ኩባንያ አገልግሎት ሲጀምር ለማየት እስከ 2015 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረብን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔት የተባለው ፕሮጀክት በየወረዳው መሥሪያ ቤት የሳተላይት ሳህን ሲተክልም ዋና ሥራው ከላይ ያለው ሹም ከታች ካለው ሹም ጋር በቪዲዮ እንዲሰበሰብ ነበር። ሳህኑ በቢሮው ጣሪያ ላይ፤ ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ማዶ።

ጉልት የሰጠ ይነሣል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የስልክ መልእክት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ቆየ። በ1998 ዓ.ም. ግንቦት የጦማር ገጾች መዘጋት ጀመሩ። በ2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው የማንነት መሸፈኛ መረብ ታገደ። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ 264 ገጾች ሲከፈቱ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን «አበቃ» አልን። አላበቃም። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ግድያ በኋላ አገሩ በሙሉ ጨለመ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲገደል ለሦስት ሳምንት ያህል እንደገና ጨለመ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከዜ ማዶ ያለው የትግራይ ሕዝብ በጦርነቱ ውስጥ ከዓለም ተለይቶ ኖረ፤ የእኛ ሰሜን ከዚያ ሕዝብ የሚለየው በአንድ ወንዝ ብቻ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ራሱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ፣ እናቴ ያለችበትን ለማወቅ ስልክ ደውዬ የማይነሣውን ጥሪ የሰማሁባቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ።

ከእነዚህ መቋረጦች አንድ ነገር አስተውያለሁ። በ2012ቱ መዘጋት መጀመሪያ የተመለሰው የቤትና የቢሮ ብሮድባንድ ነው፤ የሞባይሉ ቆይቶ መጣ። በአማራ ክልልም የተዘጋው በዋናነት ሞባይሉ ነው። ይህ ማለት ሳሎኑ ውስጥ ሳጥን ያለው የከተማ ሰው ሲተነፍስ፣ ስልኩን ብቻ የያዘው ገበሬና ተማሪ ታፍኖ ይቆያል ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ ብሮድባንድ በቤቱ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። እኔና እናንተ ይህን ጽሑፍ የምናነብ ሰዎች ከጥቂቶቹ ወገን ነን፤ ይህን ማመን ይገባናል።

ስለዚህ ራሴን አላታልልም። ሳጥኗን መክፈት መስመሩን አይከፍትም። የእኔ ምንጭ ኮድ ቢነበብ፣ ፈርምዌሬ በገዛ እጄ ቢሠራ፣ አንድ ትእዛዝ ከላይ ከወረደ መብራቶቿ ብልጭ ድርግም እያሉ ወደ ባዶ ይጣራሉ። ርስት ያለ ዝናብ ምን ያደርጋል? ቢሆንም ዝናብ የለም ተብሎ ርስት አይጣልም።

የጥያቄው መልስ

«ያለ ኢንተርኔት ትሠራለች ወይ?» ላለው ወንድሜ መልሱ «አዎ» ነው። ራውተር በመሠረቱ ሰውን ከሰው የምታገናኝ መሣሪያ ናት፤ ኢንተርኔቱ ከብዙዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። በሳጥኗ ዩኤስቢ ላይ አንድ ፍላሽ ሰካሁ፤ የመማሪያ መጻሕፍትን፣ የሳይንስ ትምህርቶችንና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ጫንሁበት። በፈርምዌሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ የገጽ አቅራቢ በአቅራቢያዋ ላለ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ታድላለች፤ ለአንድ ሜጋባይት እንኳ ሳንቲም አይከፈልባትም። መግቢያ ገጹን በአማርኛ ጻፍሁት። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህ ይህ የማንንም ውለታ አይጠይቅም። ሳጥኗ የምትፈልገው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ በሞተር ብስክሌት ባትሪና በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ትኖራለች።

ከዚያ በመጣችበት መንገድ መለስኋት። በአውቶቡስ ደባርቅ፤ ከደባርቅ በሰው እጅ፣ በቧሂት በኩል ወደ በየዳ። በልጅነቴ ደብዳቤ የሚሄደው እንዲሁ ነበር። በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፤ ከመምህራን ክፍል እስከ ግቢው አጥር ትደርሳለች። ልጆቹ አጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል» አለኝ። ቀጥሎም፥ «ገጹ ላይ የጂኦግራፊው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ጎድሎታል፤ እኔ ራሴ ልጨምርበት እችላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ከሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ጥያቄ ነው። ለዕቃው ማመስገኑ ሳያንስ ጉድለቱን አይቶ ላርመው አለ። ርስተኛ ማለት ይህ ነው። የይለፍ ቃሉን ነገርሁት፤ ምንጭ ኮዱን በፍላሹ ውስጥ አብሬ አስቀምጬለት እንደነበረም ነገርሁት፤ ውሉ ያስገድደኛልና።

ከመንግሥትም ከኩባንያም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የገዛነውን ሳጥን ከፍቶ ማየትና ማረም ወንጀል አለመሆኑ በሕግ በግልጽ ይጻፍ፤ የሌላውን ሞገድ የሚረብሽና የሚያጭበረብር ለብቻው ተለይቶ ይከልከል። መስመሩም በአንድ ሹም ቃል የሚሰጥና የሚነሣ ጉልት መሆኑ ይቅር፤ የሚቆርጥ ካለ ፍርድ ቤት ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ። በየሠፈሩ ብረት የሚከፍቱትን፣ ሰሌዳ የሚበይዱትን ልጆቻችንን ደግሞ እንደ ቀጥቃጮቹ ዘመን በጎሪጥ አንያቸው። ያለ እነርሱ ማረሻ የለንም።

ቸር ይግጠመን።